ውሃው በየት ይወጣል?

ባሕሩ ከመጣ ሦስት ዓመት አለፈው፤
የሳን ኢላሪዮን የዓሣ ገበያ ከነማማው ጠርጎ ከወሰደው።
ዛሬ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣
ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር፣ ጥግ ከተቆለለው ፍራሽ
ፊት ለፊት፣ አስራ አንድ ሞዴል በነጭ ጨርቅ ላይ፤
አስራ አንድ ከተማ፣ ነፋስ የማያውቀው፣ ዝናብ የማያይ።

ሰባት ዳኞች ነን። ስም የለም፤ ቁጥር ነው ያለው፤
ዝምድና እንዳይፈርድ፣ ውለታ ሚዛኑን እንዳይደፋው።

ሰብሳቢው ዶን ባልታሳር መነጽሩን ወልውሎ፣
ቁጥር አንድን ያሳየናል፣ ጣቱን እንደ ቄስ መስቀል አቅንቶ፣ አሽሞንሙኖ፣ አባብሎ፤
"የቀድሞው ይመለስ" ይላል፣ "ጡብ በጡብ፣ ደወል በደወል።"
የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው።
ያን ማማ አውቀዋለሁ፤ ሰዓቱ ዕድሜ ልኩን በአርባ ደቂቃ ዘግይቶ ኖሯል፤
ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ዛሬ ግን በሰው ሁሉ አፍ እንከን የለሽ ሆኗል።

ቁጥር ሁለት መስታወት ነው፣ እንደ ዓሣ ነባሪ አፉን ከፍቶ የሚያዛጋ።
ቁጥር ስድስት ባዶ ሜዳ፤ መቶ አስራ ሁለት ስም፣ እንደበራ እንዲነጋ።
ቁጥር ስምንት ሆቴል ነው፣ ገበያ ነኝ ብሎ የመጣ፤
ሦስት የዓሣ መደብ ምድር ቤት ደብቋል፣ ሽታው ወደ ላይ እንዳይወጣ።

ቁጥር ዘጠኝ ጋ ስደርስ እጄ ቀዘቀዘ።
ሰባት ቁጥርን ወገቧን በሰረዝ የሚያስር፣
ማዕዘን ላይ ሲደርስ የማይቆም፣ ጥቂት አልፎ የሚያድር መስመር።
ኢሶሊና ናት። ተማሪዬ። አንድ ክረምት ሙሉ
"መስመርሽን አቁሚው!" እያልኩ ጮኬባታለሁ፤
"ግድግዳም እኮ" አለችኝ፣ "ትንሽ መሄድ ያምረዋል።"

ደንቡ ግልጽ ነው፤ "ይህን እጅ አውቀዋለሁ" ብሎ መውጣት።
ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁት።
መልሼ ሳብኩት።

ሰባተኛዋ ዳኛ ዶኛ ኤዱቪሂስ ናት፣ ዓሣ ሻጭ፤
ከንቲባው "ሕዝቡም ይወከል" ብሎ ያስቀመጣት፣ ለፎቶ ማሳመሪያ፣ ለወሬ መቁረጫ።
ሁለት ቀን ቃል አልወጣትም። በሦስተኛው ተነሳች፤
የዓሣ ስንጥብ ገልጣ እንደምታይ፣ ጣሪያውን ሁሉ እያነሳች አየች።
"ወለሉ ሲታጠብ" አለች፣ "ውሃው በየት ይወጣል?
ደሙ፣ ቅርፊቱ፣ ንጋት ላይ የሚደፋው ባልዲ ወዴት ይወርዳል?"

ዶን ባልታሳር ጉሮሮውን ጠረገ።
አንዱ ዳኛ ንድፉን ገልጦ ፈለገ፣ ፈለገ።

"ባሕሩ በበር ገባ፤ መግባቱን ማንም አያግደውም።
እህቴን ኦርተንሲያን የገደላት ግን የገባው አይደለም፤
መውጫ ያጣው ነው።"

ከዚያ የምትጠጣውን ውሃ አነሳች፤
በቁጥር አንድ ማማ ሥር ቀስ አድርጋ ደፋች።
ካርቶኑ አበጠ፤ ሰዓቱ ወደ ጎን ተኛ።
"ይቅርታ" አለች፤ ግን አላቆመችም፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣
ከየፊታችን ብርጭቆ እየወሰደች፤
ዶን ባልታሳር ጮኸ፤ ጸሐፊዋ ብዕሯን ጣለች።
ሆቴሉ ኩሬ ሆነ። የስሞቹ ሜዳ ሐይቅ መሰለ።
ቁጥር ዘጠኝ ላይ ውሃው አመነታ፤ ደረጃው ሥር ተንጠለጠለ
(እሱ ገና መታረም አለበት)፤
ከዚያ ቀጭን ጅራት አውጥቶ
በነዚያ በማይቆሙ መስመሮች ተመርቶ
ግድግዳውን አለፈ፣ ጨርቁን አለፈ፣ ጫማዬ አጠገብ ጠብ አለ።
ቦይ ነበሩ።
ያ ሁሉ ጩኸቴ በቦይ ላይ ነበር።

አራት ለሦስት። አራተኛው እጅ የእኔ ነው።
ቃለ ጉባኤው "በአብላጫ ድምፅ" ይላል፤ የማን እጅ እንደሆነ አይለየው።

ሲመሽ የጽዳት ሠራተኛው መወልወያውን እየጎተተ መጣ፤
እርጥብ ካርቶኑን፣ ወለሉን አየና፣ ጥቂት ተቆጣ።
"ማነው እዚህ ያጠፋው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።